ሰማንያ

ግንቦት ነው፣ ፍራንኮ፣ ከቀኑ ሰባት፣
ቆርቆሮው ይንጣጣል በፀሐይ ምታት።
ማዶ ኮረብታው ላይ ነጫጭ ተርባይኖች
እጅ ዘርግተዋል እንደ ለማኞች፤
ከሰማይ ነፋስ ይቀበላሉ፣
የተቀበሉትን በሽቦ ይልካሉ።
እኔ ደግሞ እዚህ ታች፣ ከጌም ቤቴ ሆኜ፣
ያንኑ ነፋስ መንዝሬ፣ በሰዓት ተምኜ፣
ለጎረምሳ እሸጣለሁ።

የግራፊክስ ካርዱ አሮጌ ነው፤ ከሰው ነው የገዛሁት፣
ስንት ሌት እንዳነደደው አልጠየቅሁት።
ሻጩ ግን ማለልኝ፦
«ሰባ ቢል አትፍራ፣ ሰማንያም ይችላል፣
ሰማንያ አምስት ሲያልፍ ሆድህ ይጠርጥራል፣
ዘጠና ሲል ግን ከተኛህበት ንቃ፤
ከዚያ በላይ ከሄደ
መጀመሪያ ያዘግማል፣ ኋላ ይጠፋል በቃ።»

ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጥር አለች፣ ትንሽ፣ አረንጓዴ፣
ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ነው የምንተያየው።
ስልሳ ሦስት።
ሮባና ያብስራ ኳስ ሲጀምሩ
ሰባ አንድ።
ፋኑ እንደተነካ ቀፎ ሲያጉረመርም
ሰባ ስምንት። ሰማንያ።

ሰማንያ ደህና ነው።
ወሰንየለሽንም ያገባኋት በሰማንያ ነው፣
ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ምስክር ፈርሞ።
ስድስት ዓመት ሙሉ ወረቀቱ ጸና፤
ሁሉም እስከ ሰማንያ ደህና ነው፣ ደህና።

እሷ ነርስ ናት፣ ጤና ጣቢያ፣
ሠላሳ ስምንት ሲል ሩጫ የምትጀምር።
«ያንተ በሽተኛ፣» ትላለች ስትቀልድ፣
«ሰማንያ ሲነድ
ጤነኛ ይባላል፤ እንዴት ያለ ጉድ!»
እስቃለሁ። ትስቃለች።
ካርዱ አይስቅም።

ትናንት አዙሪቱ መንገድ ዳር ቆመና
ፌስታል ዘውድ ደፍቶ ወደ እኛ ዞረና…
የኬዙን ጎን ደግሞ ከፍቼው ነበረ፣
«ነፋስ ይግባ» ብዬ። ነፋሱስ መች ቀረ፤
ገባ ከነጓዙ።
ሰማንያ ስድስት።
ዘጠና አንድ።
ጨዋታው ተንተባተበ፤
የሮባ አጥቂ አንድ እግሩን እንዳነሣ
አየር ላይ ተሰቀለ።
ዘጠና አራት።
ጨለማ።

«ጎል ነበረ!» አለ ሮባ፣ ሊያለቅስ ደርሶ፣
ያብስራ ሳቀ፣ እኔ ዊንጭት ፈለግሁ።

ከፋኑ ክንፍ መሐል ብርድ ልብስ አገኘሁ፣
ከአዳማ አቧራ የተሸመነ፣
ዓመቱን ባላየሁ፣ ድር ያቀበልሁት እኔ ነኝ።
በግንቦት ይህን ማን ይለብሳል?
በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት፤
ደርቆ የተሰነጣጠቀውን ቅባት በአልኮል ፈግፍጌ
አዲስ ጣልሁበት፣ የምስር ፍሬ ታህላለች።
ከጉልበቱም ቀነስሁለት፦
«ከመቶው ሰማንያ ይበቃሃል፣» አልሁት።

ስልሳ ስምንት። ጭነት ላይ እያለ፣ በግንቦት!
ማንን ልጥራ፣ ለማን ልንገር?

ማታ ወሰንየለሽ ገባች፣ የሰውም ተራ ደርባ ሠርታ፣
ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ተኝታ።
«እይማ፣ ስልሳ ስምንት!» ልላት
ትከሻዋን ነካሁት።
ሶደሬ ነው፤ የሚፈላ ውኃ።
ከቦርሳዋ ቴርሞሜትሯን አወጣሁ፣
የሰው ሁሉ ብብት ሲጠብቅ የኖረ፣
የእሷን አያውቀውም።
ሠላሳ ዘጠኝ ከአምስት።

አባቷ ናቸው ስም ያወጡላት፣ ወሰን የለሽ ብለው፣
እኔም እንደ ማኅተም አምኜ ተቀበልሁ።
እሷ ጥግ ላይ ቁጥር የላት፣
ፋኗ አይጮኽ፣
ጨዋታዋ አይንተባተብ፤
ዝም ብላ ነው የምትግለው።

ዛሬ በሩ ላይ ካርቶን ሰቅያለሁ፦
«ከስድስት እስከ አሥር ዝግ ነው።»
ሮባ መጣ፣ አነበበ፣ በመስኮት አንገቱን አስገባ፦
«ካርዱ ተቃጠለ እንዴ?»
«ደህና ነው፣» አልሁት፣ «አርባ ሁለት።»
በእጄ እርጥብ ፎጣ ይዣለሁ፣
ግቢውን እስካቋርጥ
ነፋሱ ያደርቅብኛል፤
ተመልሼ እነክራለሁ።